ቾክን በሽክርክሪት መመዘን ይብቃ

በፑል ተጫዋቾች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ ውድ ቾክ ኳስ ያሽከረክራል፣ ርካሽ ቾክ ግን ያዋርዳል የሚል። በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ ደርዘኑ በጥቂት ዶላር የሚሸጥ ሰማያዊ ቾክ እያለ፣ ለአንድ ፍሬ ብቻ ከ20 እስከ 30 ዶላር የሚከፍለው ተጫዋች ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሻጩ ነጯን ኳስ እንደ ልብህ ታዛታለህ ይለዋል፤ ገዢውም ያምናል። አንድ ስመ ጥር ተጫዋች ያንኑ ቾክ ሲቀባ በቴሌቪዥን ከታየማ ክርክሩ አለቀ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ግዢ ነው።

እምነቱ ስህተት ነው። ጉዳቱም ገንዘብ በማባከን ብቻ አያበቃም። ሁሉም ሰው ቾክን በሽክርክሪት ሲመዝን፣ በአንዱ ቾክና በሌላው መካከል በእርግጥ ያለውን ልዩነት የሚጠይቅ ይጠፋል። ያ ልዩነት ብናኙ ነው፣ እድፉ ነው፣ በኳስና በጨርቅ ላይ ጥሎት የሚያልፈው ቆሻሻ ነው።

በቾክ ማማለል አዲስ አይደለም፤ ወደ 200 ዓመት ይጠጋዋል። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በእንግሊዟ ባዝ ከተማ፣ በአንድ የቢሊያርድ ቤት ውስጥ ነጥብ ቆጣሪ ሆኖ የሚሠራ ጃክ ካር የሚባል ሰው ነበር። ኳሷን ከጎኗ እየመታ ወዳሻው ሲያጣምማት ያየ ሁሉ ጉድ ይላል። ካርም ምስጢሩ በእጁ ሳይሆን በዱቄቱ እንደሆነ እያስወራ፣ «የሚያጣምም ዱቄት» በትንንሽ የክኒን ሣጥን እየሞላ አንዱን በሁለት ሺሊንግ ተኩል ቸበቸበው። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው ተራ የጠመኔ ዱቄት ነው። ኳሷን ያጣመማት የካር ክንድና በዚያን ዘመን በዱላ ጫፍ ላይ መለጠፍ የጀመረው ቆዳ ነበር። የዛሬው ማስታወቂያ ከካር የሚለየው በማሸጊያው ውበት ነው።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። አሜሪካዊው የቢሊያርድ ባለሙያ ዊልያም ስፒንክስ ከፈረንሳይ የመጣ ለየት ያለ ቾክ እጁ ገባና ወደ ቺካጎው ኬሚስት ወደ ዊልያም ሆስኪንስ ይዞት ሄደ። ሆስኪንስ ሲመረምረው የእሳተ ገሞራ አመድ ሆኖ አገኘው። ሁለቱ ደጋግመው ሞክረው፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1897 ለአዲሱ ቾካቸው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጣቸው። ሆስኪንስ በዋዛ የሚታይ ሰው አልነበረም። በኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ ውስጥ ግሎ የምናየው ኒክሮም የተባለው የሽቦ ዓይነትም አብሮት በሠራው በአልበርት ማርሽ አማካይነት ከእሱ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። ቾክ ገና ከጅምሩ የኬሚስት ሥራ ነበር ማለት ነው፤ የሚመዘነውም በኬሚስት ዓይን መሆን ነበረበት።

የፑል ቾክ ተማሪ ቤት ሰሌዳ ላይ ከሚጻፍበት ጠመኔ ፈጽሞ የተለየ ነው። የደቀቀ ሲሊካ፣ ኮረንደም የሚባል ማዕድን፣ ማጣበቂያና ቀለም ተቀላቅለው የሚሠራ ነው። አልማዝ 10 በሚያገኝበት የማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ኮረንደም 9 ያገኛል። በዱላው ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ ኳሷን የሚነካት ለአንድ ወይም ለሁለት ሺህኛ ሰከንድ ሲሆን፣ በዚያች ቅጽበት እነዚህ ጠንካራ ብናኞች ቆዳው እንዳይንሸራተት ይይዙታል። የቾክ ሥራ ይኸው ነው። ከያዘ በኋላ ኳሷ ምን ያህል ትሽከረከራለች የሚለውን የሚወስነው ዱላው ከኳሷ መሐል ምን ያህል ርቆ እንደመታና የምቱ ኃይል ነው። ለርቀቱም ገደብ አለው፤ ከኳሷ ራዲየስ ግማሽ አይዘልም። ወርዷ 57 ሚሊ ሜትር ለሆነ የፑል ኳስ ይህ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ አልፎ የመታ ሰው ዱላው ያመልጠዋል፤ የ30 ዶላሩም ቾክ አያድነውም።

ይህ በሙከራ የታየ ነው። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ፕሮፌሰር ሆነው የሠሩትና በፑል ፊዚክስ የሚታወቁት ዴቪድ አልሲያቶሬ ልዩ ልዩ ቾኮችን አወዳድረዋል። የደረሱበት ድምዳሜ ግልጽ ነው፤ ቾኩ ቆዳው ላይ በአግባቡ እስከተቀባ ድረስ አንዱ ከሌላው የበለጠ ሽክርክሪት አይሰጥም።

ውድ ቾክ የሚገዙ ሰዎች አንድ መልስ አላቸው፤ አንዳንዱ ቾክ ቆዳው ላይ ስለሚጣበቅ ለብዙ ምት ይቆያል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይቆያል። ነገር ግን ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ከእያንዳንዱ ምት በፊት ዱላውን ይቀባል፤ ይህን ማድረግ ልማዱ ነው። ስለዚህ የመቆየቱ ጥቅም መቀባት ለሚረሳ ሰው እንጂ የተለየ ምት ለሚፈልግ ተጫዋች አይደለም። በዚያ ላይ ያ ተጣባቂነት ዋጋ ያስከፍላል። ቆዳው ላይ ሙጭጭ የሚለው ቾክ ኳሷም ላይ ሙጭጭ ሊል ይችላል፤ በደረቅ ጨርቅ ቢጠርጉት የማይለቅ ነጠብጣብ ጥሎ ይሄዳል።

ነጠብጣቡ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ነጯ ኳስ ሌላዋን ስትመታ የቾክ ነጥብ በሁለቱ መገናኛ ላይ ከዋለ፣ በመካከላቸው ያለው ሰበቃ ድንገት ይጨምራል። የተመታችው ኳስ ከመስመሯ ትስታለች፤ አንዳንዴም ብድግ ትላለች። የስኑከር ተጫዋቾች «ኪክ» የሚሉት ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በሼፊልድ ክሩሲብል ቴአትር በሚካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ላይ ነጭ ጓንት ያጠለቀው ዳኛ ጨዋታውን አቁሞ ኳስ ሲጠርግ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ምት በኋላ ነው። ተጫዋቹ በትክክል አነጣጥሮ፣ በትክክል መትቶ፣ በአንዲት የብናኝ ነጥብ ምክንያት ይሸነፋል።

ለዓመታት የስኑከር ተጫዋቾች ኪስ ውስጥ የነበረው አረንጓዴው ትሪያንግል ቾክ ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን ብዙዎቹ ፊንላንድ ውስጥ ወደሚመረተው ታኦም ተሻግረዋል። የታኦም ዋና መሸጫ ቃሉ ኪክን መቀነሱና ኳስ ላይ እምብዛም አለመቅረቱ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል፤ ከማንም በላይ ሽክርክሪት የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ቾክ የቀየሩት ሽክርክሪት ፍለጋ ሳይሆን ንጽሕና ፍለጋ ነው። መንደሩ ግን የእነሱን ቾክ ገዝቶ ምክንያታቸውን ትቶታል።

የፑል ቤት ባለቤቶች ስህተት ከዚህ ተቃራኒ ነው። «ቾክ ያው ቾክ ነው» ብለው የተገኘውን ርካሽ ይገዛሉ። አዲስ አበባ ውስጥም ሆነ በክልል ከተሞች፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በተዘረጋ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚዞረው አንድ ቾክ ብዙ ጊዜ መሐሉ እንደ ሙቀጫ ጎድጉዷል። ተጫዋቹ ዱላውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰክቶ እንደ መሰርሰሪያ ያሽከረክረዋል። ቾኩ የዱላውን አንገት ይፍቃል፤ ሊቀባ የሚገባው የቆዳው ጫፍ ግን ሳይቀባ ይቀራል። ተጫዋቹ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ስለሆነ ዱቄቱ በቀጥታ ጨርቁ ላይ ይወርዳል፤ እሱንም «እፍ» ብሎ ይበትነዋል። ሲጨርስ ቾኩን የተቀባውን ፊት ወደ ታች ደፍቶ ጠርዙ ላይ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ የሚመታው ሰው እጁን እዚያው ላይ ያሳርፋል፤ ሰማያዊው ዱቄት ከእጁ ወደ ዱላው፣ ከዱላው ወደ ሸሚዙ ይተላለፋል።

ጨርቁ የዚህ ሁሉ ዕዳ ከፋይ ነው። በቤልጂየም ቬርቪዬ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1680 ጀምሮ ጨርቅ የሚሠራው ሲሞኒስ ለፑል የሚያቀርበው ዝነኛ ጨርቅ በአብዛኛው ሱፍ ነው፤ ጥቂት ናይለን ይገባበታል። በክሮቹ መካከል የገባ የሲሊካና የኮረንደም ብናኝ ኳስ በተንከባለለበት፣ እጅ በተጎተተበት ቁጥር ክሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ኳሶቹም ለስላሳነታቸውን ያጣሉ። በቾክ ጥቂት ብር ያተረፈ ባለቤት ጨርቅ ለመቀየር ደህና ገንዘብ ያወጣል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን የሚወቅሰው ተጫዋቹን ነው።

ከጨርቅ የሚብሰው የሰው ጉዳይ ነው። ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት፣ አንዳንድ የፑል ቾኮች ከፍተኛ መጠን ያለው እርሳስ፣ ማለትም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት እንዳለባቸው አሳይቷል። ሁሉም ቾክ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን የአምራቹ ስምም ሆነ ይዘቱ ያልተጻፈበት ቾክ ምን እንደያዘ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ልጆች ደግሞ ጣታቸው ሰማያዊ እንደሆነ ዳቦ ይቆርሳሉ።

ቾክን በትክክል መመዘን ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። ነጯን ኳስ አጥቦ፣ ጥቂት ጨዋታ ተጫውቶ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ማበስ ነው። ጨርቁ ላይ ምን ያህል ቀለም ወጣ? ኳሷ ላይ የቀረው ነጥብ በደረቁ ሲታበስ ለቀቀ ወይስ እንቢ አለ? ጠርዙ ላይ የተቀመጠው ቾክ ሲነሳ ምን ጥሎ ተነሳ? ከእያንዳንዱ ምት በፊት ቀለል አድርገው ሲቀቡት ቆዳውን እኩል አለበሰው? በእነዚህ ጥያቄዎች መካከለኛ ዋጋ ያለው ቾክ ውዱን የሚረታበት ጊዜ አለ፤ ውዱም በእርግጥ ከዋጋው ጋር የሚመጣጠንበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ አስመጪዎች አምራቹና ይዘቱ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቾክ ብቻ ያምጡ። የፑል ቤት ባለቤቶች የጎደጎደውን ቾክ ይጣሉ፤ ከጨርቁ ቀለም ጋር የሚሄድ፣ ብናኙ ያነሰ ቾክ ይግዙ፤ ጨርቁንም በየቀኑ ይቦርሹ፣ ኳሱንም ይጠቡ። ተጫዋቾች ከጠረጴዛው ራቅ ብለው፣ ቾኩን በቆዳው ላይ እንደ ብሩሽ እያስኬዱ ይቀቡ፤ ሲጨርሱም ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡት። የበለጠ ሽክርክሪት ይሰጣል ተብሎ ለሚሸጥ ቾክ ግን አንድ ብር እንኳ ተጨማሪ አይክፈሉ።