ኤክሴል ግንቦትን ኅዳር ሲያደርገው ማን ይጠየቅ?

እዚህ ጠዳ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶኮፒ ሥራ ነው የምሠራው። ሰሞኑን አንዲት እናት የልጃቸውን የልደት ሰርተፍኬት ይዘው መጡ። ሰርተፍኬቱ ግንቦት 3 ቀን 2009 ዓ.ም ይላል። ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣው ዝርዝር ደግሞ ኅዳር 9 ይላል። «ፎርጅድ ነው ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ» አሉኝ፤ እንባቸው መጥቶ ነበር።

ሰርተፍኬቱ ትክክል ነው። ፎርጅዱን የሠራው ኤክሴል ነው።

እንዴት? ጸሐፊዋ ሁላችንም እንደለመድነው 3/9/2009 ብላ መታች። የኮምፒውተሩ ሴቲንግ የአሜሪካ ነው፤ አሜሪካ ወርን ያስቀድማል። ስለዚህ «ማርች 9» ብሎ ያዘው። ስክሪኑ ላይ ያው 3/9/2009 ስለሚታይ ማንም አልጠረጠረም። ፋይሉ ቀንን የሚያስቀድም የእንግሊዝ ሴቲንግ ባለው ሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት 09/03/2009 ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ወር ለእኛ ኅዳር ነው። ልጅቷ በአንድ ጀንበር ስድስት ወር ገደማ አደገች።

«ጸሐፊዋ ትጠንቀቅ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የፈለገችውን ያህል ብትጠነቀቅ ኤክሴል የእኛን ወር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብላ ብትጽፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜ 3ን 3/13/2015 ብትል የአሜሪካው ሴቲንግ ማርች 13 ነው ይላል። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ስንት ቀን ነው ብላ ብታሰላ በእንግሊዙ 28 ወይም 29፣ በአሜሪካው 1 ቀን ይላታል። 30 መሆኑን የፊደል ተማሪ ያውቃል! ከኮምፒውተሩ የዛሬ ቀን ተነሥታ ዕድሜ ብታወጣማ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምርላታል።

ይኸው ኤክሴል የሂጅራን፣ የታይላንድንና የጃፓንን አቆጣጠር ያሳያል። ስሌቱ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይቀበላል።

የተቸገርነው እኛ ብቻም አይደለንም። «ማርች1» የተባለውን የዘረመል ስም ኤክሴል ወደ ቀን እየቀየረ ቢያስቸግር፣ የሰውን ዘረመሎች ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን ስሞች ቀየረ። ሳይንቲስቶቹ ለሶፍትዌሩ እጅ ሰጡ። እኛ ግን ለግንቦት ሌላ ቁጥር ልናወጣለት ነው?

«በቃ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ» ለሚሉም መልስ አለኝ። እናትየዋ ልጃቸውን የወለዱት በግንቦት ነው። እያንዳንዱን ቀን በእጅ መቀየር ሌላ የስህተት በር መክፈት ነው፤ ልዩነቱ ከመስከረም በኋላ ሰባት፣ ከጃንዋሪ በኋላ ስምንት ዓመት እንደሆነ ስንቱ ያስታውሳል?

መፍትሔው ብር አያስወጣም። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፉ። ወሩ በስሙ «ግንቦት» ተብሎ ይጻፍ። ከዓመቱ ዓምድ ራስጌ ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑ ይጠቀስ። ይህን ማዘዝ የኃላፊዎች ሥራ እንጂ የጸሐፊዋ አይደለም።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ሰርተፍኬቱና ዝርዝሩ ሲለያዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እናትየዋ ሳትሆን ዝርዝሩ ይሁን።