ጀበናው ይግባ፣ ሠሪዋ ደጅ ትቅር

በቅርቡ በክበባችን ስለ ባህልና ዕድገት በተደረገው ውይይት አንድ ወንድማችን ብድግ ብሎ ስለ ሸክላ ተናገረ፤ ጭብጨባውም ቤቱን አናጋው። የንግግሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪ የደኸየችው ሥራዋ ኋላ ቀር ስለሆነ ነው። አፈሩን አጥብቃ ስለማታበስል እንስራዋ ያንጠባጥባል፣ ድስቷ ይሰበራል። ስለዚህ ትልቅ ምድጃ ሠርተን፣ እንደ ጃፓንና እንደ እንግሊዝ ባለሙያ ቤተሰቦች ስቶንዌር የሚባለውን ድንጋይ መሰል ሸክላ ብናስተምራት ችግሯ አከተመ። እኔ አላጨበጨብኩም። ለምን እንደሆነ እነሆ።

ከእሳቱ እንጀምር። ስቶንዌር የሚጠበሰው ከ1200 እስከ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ነው። በዚያ ግለት የአፈሩ ቅንጣቶች በከፊል ቀልጠው ይያያዛሉ፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ውሃም አያሳልፍም። ለስኒና ለሳህን ግሩም ነው፤ ማን ይክዳል? የኛዋ ሸክላ ሠሪ ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በኩበትና በሣር የምታነደው እሳት ግን ብዙውን ጊዜ ከ900 አያልፍም። ወንድማችን ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየና "ጎደላት!" አለ። ይሁንና ያንን የጃፓን ስኒ እስቲ ፍም ላይ ጣደው፤ ጧ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። እንደ ድንጋይ የጠጠረ ዕቃ አንድ ጎኑ ግሎ ሌላው ሲቀዘቅዝ መላወሻ የለውም፤ ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። ድስትና ጀበና ግን ገላቸው ቀዳዳ አለው፤ አፈሩም አሸዋ ወይም ተወቅጦ የተነፋ ገል ገብቶበታል። ስንጥቁ ገና ሲነሳ ቀዳዳው ወይም ቅንጣቱ ጋ ደርሶ ይቆማል። ይህን ማን አስተማራት? ላቦራቶሪ አልገባችም፣ እናቷ ናት ያስተማረቻት። እናቷንም እናቷ።

እንስራው ያንጠባጥባል ተብሎ ተከሷል። ደኅና እንስራ ያልበዋል እንጂ አያንጠባጥብም። ላቡ ነፋስ ሲያገኘው እየተነነ ውስጡ ያለውን ውሃ ያቀዘቅዛል። እንደ ብርጭቆ በሚያብለጨልጨው ልባስ ብትሸፍነው ላቡ ይቀራል፣ ውሃውም ለብ ይላል። ይህ ነው እንግዲህ እርማቱ!

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የምጣዱ ነገር ነው። ከተማ ውስጥ "ዘመናዊ" የምንለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦው የተጋደመው ምን ላይ መሰላችሁ? ሸክላ ላይ ነው። ያ ሁሉ ግድብ፣ ያ ሁሉ ተርባይን፣ ያ ሁሉ የብረት ምሰሶ አገር አቋርጦ መጥቶ መጨረሻው አንዲት ሴት በእጇ ደልድላ፣ በድንጋይ ወልውላ ያለሰለሰችው አፈር ነው። እሷ ባትኖር የሸገር ሰው እንጀራውን በምን ይጋግር ነበር? እኛ ግን ኋላ ቀር እንላታለን፤ ያውም እንጀራውን እየጎረስን።

ምክሩም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ ናይጄሪያ ውስጥ ተሞክሯል። ማይክል ካርዲው የተባለ እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የስቶንዌር ማሠልጠኛ አቋቁሞ ነበር። በ1954 ላዲ ኳሊ የምትባል ሴት ገባች። ከአክስቷ የተማረችውን የውሃ እንስራ እንደ ወትሮው በእጇ እያነፀች፣ እየቀረፀች፣ በአዲሱ ምድጃ ማስጠበስ ያዘች። ሥራዋ ያስደንቃል፤ ምስሏም በ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ ታትሟል። ታዲያ ያ እንስራ ወንዝ ወርዶ ውሃ ተቀዳበት? የለም። ለንደን ሄዶ ኤግዚቢሽን ላይ ቆመ፣ ሳሎን አደመቀ። ክብር አላገኘችም ማለቴ አይደለም፤ አግኝታለች፣ ይገባታልም። ግን ክብሩን ያመጣላት 1300 ዲግሪው ነው ወይስ ስሟን ጠርቶ ዋጋዋን የከፈለ ገዢ?

ወደ ተጠቀሰችው ጃፓን እንሻገር። ኪዩሹ ደሴት ላይ ኦንታ የምትባል የተራራ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. ከ1705 ጀምሮ ሸክላ ይሠራባታል፤ ዛሬም ወደ አሥር የሚጠጉ ቤተሰቦች ስቶንዌር ይሠራሉ። አፈሩን የሚወቅጥላቸው የጅረት ውሃ እየሞላው የሚነሳ፣ ውሃው ሲፈስ የሚወድቅ የእንጨት ዘነዘና ነው። ሙያው ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ዕቃው ላይ የግል ስም አይጻፍም። ይህን አሠራር "ኋላ ቀር ነው፣ ሞተር ይተከልበት" ያለ የለም፤ እንዲያውም መንግሥታቸው በ1995 የአገር ቅርስ ብሎ መዘገበው። እዚያም ቤተሰብ ነው፣ እዚህም ቤተሰብ ነው። እዚያም ዕቃው ላይ ስም የለም፣ እዚህም የለም። ነገር ግን የኦንታው ሰው ስሙን የሚተወው መንደሩ ራሷ ስመ ጥር ስለሆነች ነው። የኛዋን ስሟን የሚጠይቃት የለም፤ እኛው ያወጣንላት አለና፤ ቡዳ!

አዎን፣ ወንድማችን ያልነካት ቃል ይህች ናት። በጋሞና በዳውሮ "ማና"፣ በወላይታ "ጭናሻ" የተባሉ ሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች ከገበሬው ጋር እንዳይጋቡ፣ መሬት እንዳይዙ ተደርገው ኖረዋል። በጎንደር ሸክላውን የምትሠራው የቤተ እስራኤል ሴት ቀን አፈር ታቦካለች፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች ተብላ ተፈርታለች፣ ተጠልታለች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም አላረጀም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤሎች በገፍ ወደ እስራኤል ሄዱ። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ግን ሸክላው ዛሬም በእነሱ ስም ለቱሪስት ይቸበቸባል። ሰዎቹን ሸኘን፣ ስማቸውን አስቀርተን ነገድንበት።

ምድጃ አያስፈልግም አላልኩም። ማገዶ የሚቆጥብና ከጭሱ የሚገላግላት ምድጃ ቢሠራላት ማን ይጠላል? የምህንድስና ተማሪዎች ሥራ ፈታችሁ ከሆነ ይኸው ሥራ። ነገር ግን አፈር የምትቆፍርበት ጉድጓድ በሌላ ሰው ይዞታ ላይ ከሆነ ደጅ መጥናት ወይም መክፈል አለባት። እንስራውን በጀርባዋ አዝላ ገበያ ስትደርስ እኔና አንተ "ቀንሺ እንጂ!" እንላታለን። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይሉት ተረት ከዚህ ነው የመጣው፣ ከሙቀት ማነስ አይደለም። ደግሞስ ነገ ስቶንዌር ብትሠራ፣ አጨብጫቢው ሁሉ ልጇን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ነው?

በግቢያችን በሚከበረው የባህል ቀን በየጀበናውና በየገንቦው ሥር ወረቀት ይለጠፋል። የብሔረሰቡ ስም አለበት፣ የዕቃው ስም አለበት፣ ያቀረበው የተማሪ ማኅበር ስም በትልቁ አለበት። የሠሪዋ ስም የለም። ዕቃዎቹን ከገበያ ገዝታችሁ ያመጣችሁ ልጆች፣ ማን ትባላለች? ስንት ከፈላችኋት? ሁለቱን ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ላኩልን፤ በሚመጣው ዕትም እናወጣዋለን።