ጨለማው ከየት ጀመረ?

«ፎርማት ይደረግ» የምትለውን አጭር ፍርድ ያልሰማ የኮምፒውተር ባለቤት በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ላፕቶፑ ሲከፈት ስክሪኑ ይጨልማል፤ ባለቤቱ ደንግጦ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል፤ ባለሙያው ክዳኑን ገልጦ ማብሪያውን አንድ ሁለቴ ይጫንና ፍርዱን ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ዊንዶውሱ ታድሶ፣ ስክሪኑ በርቶ፣ ሁሉም ነገር አዲስ መስሎ ይመለሳል። በውስጡ የነበረው ጽሑፍ ብቻ የለም።

ይህን ፍርድ እቃወማለሁ። ፎርማት ማድረግ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ዊንዶውሱ ከጥገና በላይ ሲበላሽ ሁነኛ መፍትሔ ነው። ኃጢአት የሚሆነው ያለ ምርመራና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የመጀመሪያ እርምጃ ሲሆን ነው። ኩራዙ ጠፋ ተብሎ ብራናው አይፋቅም። ስክሪን ኩራዝ ነው፤ ጽሑፉ ያለው ዲስኩ ላይ ነው።

የማውቀው አንድ ገጣሚ ላፕቶፑ የአምራቹን ዓርማ እንኳ ሳያሳይ ጨለመበት። ዲስኩ ተፈትቶ በሌላ ማሽን ላይ ፎርማት ተደረገለት፤ ወደ ቦታው ሲመለስ ስክሪኑ አሁንም እንደ ጨለመ ነበር። በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ቢያየው ጥፋቱ የራሙ ነበር፤ ከመሰኪያው ላላ ብሏል። ራሙ በላጲስ ተወልውሎ ሲሰካ ማሽኑ በሰላም ተነሣ። የስድስት ዓመት ግጥም ግን አብሮ አልተነሣም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። የጥቁር ስክሪን ሥሩ የሚገኘው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ጨለማው የወደቀው መቼ ነው? ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ አይነቃም። በቅድሚያ በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው፣ በልማድ ባዮስ የምንለው ትንሽ ፕሮግራም ይነሣና ራሙንና የስክሪኑን ካርድ ይፈትሻል። ፈተናው ሲያልፍ የአምራቹ ዓርማ ይታያል። ዊንዶውስ ከዲስኩ ተነብቦ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻም ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ወደ ዴስክቶፑ ይገባል። ሦስት ደጆች አሉ ማለት ነው፤ ማሽኑ በየትኛው ደጅ ላይ እንደቆመ ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉ ግምት ነው።

ከዓርማው በፊት ከጨለመ ዊንዶውስ ገና አልተጠራምና ጥፋቱን በእርሱ ላይ መጣል አይቻልም፤ ፎርማት ማድረግም ከንቱ ድካም ነው። እዚህ ላይ የሚመረመረው አካሉ ነው። ቻርጀሩን፣ የሚፈታ ከሆነም ባትሪውን አውጥቶ ማብሪያውን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝና እንደገና መሞከር ብዙ ማሽን አስነሥቷል። ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ከተሰማ መቁጠር ይገባል፤ ቁጥሩ እንደ አምራቹ ቢለያይም የተበላሸውን ክፍል የሚጠቁም ምልክት ነው። የካፕስ ሎክ ቁልፍ ሲጫኑት መብራቱ እየበራና እየጠፋ ከታዘዘ ማሽኑ በሕይወት አለ፤ የታወረው ስክሪኑ ነው። ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪ በስክሪኑ ላይ በጎን ሲያበሩ ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ፣ የሞተው ከጀርባ ያለው መብራት ብቻ ነው። በኬብል ከሌላ ሞኒተር ወይም ከቴሌቪዥን ጋር ቢያገናኙት ጽሑፉ በሰላም ይታያል።

ዓርማው ታይቶ ከጨለመ ጥርጣሬው ወደ ዊንዶውስ፣ ወደ ስክሪኑ ድራይቨር ወይም ወደ ዲስኩ ይዞራል። መብራት በየጊዜው በሚሄድበት አገር፣ ማሻሻያ እየጫነ ሳለ ኃይል የተቋረጠበት ማሽን በዚህ ደጅ ላይ ቢቆም አይደንቅም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ሲነሡ ሁለት ሦስት ጊዜ መሐል ላይ በማብሪያው ከተቋረጡ፣ በሚቀጥለው የጥገና ገጹን ራሳቸው ያወጣሉ። ከዚያ የመጨረሻውን ማሻሻያ ማስወገድ፣ ወይም ሴፍ ሞድ በሚባለው ቁጥብ አነሣሥ ገብቶ የተበላሸውን ድራይቨር ማውጣት ይቻላል። በዚያው ገጽ ላይ ማሽኑን እንደ አዲስ የመመለስ ምርጫም አለ፤ «ፋይሎቼን አቆይ» እና «ሁሉንም አጥፋ» የሚሉት ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ እጅ ከመቸኮሉ በፊት ዓይን ያንብብ።

የይለፍ ቃል ከገባ በኋላ ጨልሞ የማውሱ ቀስት ብቻ ከቀረ ደግሞ ነገሩ ቀሊል ነው። የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ የስክሪኑ ድራይቨር እንደገና ይነሣል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ደግሞ የሥራ ዝርዝሩን ያወጣሉ፤ ከዚያ ኤክስፕሎረር የተባለውን ፕሮግራም ማስነሣት ዴስክቶፑን ይመልሳል። ከእነዚህ አንዱም ከጽሑፋችን አንዲት መስመር አይነካም።

ነገሩ በትልቁም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን ሲነሡ እንዲወድቁ አደረገ። አውሮፕላኖች ቆሙ፤ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ዋናው መድኃኒት ግን በሴፍ ሞድ ገብቶ አንዲት ፋይል መሰረዝ ነበር። ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ስለታወቀ የዓለም ዲስክ ሁሉ መፋቅ አላስፈለገውም። የዚያን ቀን ስክሪን ሰማያዊ ነበር፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2025 ያንን የብልሽት ገጽ በዊንዶውስ 11 ላይ ወደ ጥቁር ለውጦታል። ስለዚህ ጥቁር ስክሪን ዛሬ ሁለት ዓይነት ነው፤ ባዶው አለ፣ ጽሑፍ ያለበትም አለ። ጽሑፍ ያለበት የሕመሙን ስም እየተናገረ ነውና፣ ሳያልፍ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይገባል።

ለጥገና ባለሙያዎቻችን ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም። ደንበኛ የሚከፍለው ለሚታይ ውጤት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ መርምሮ «ራሙ ላላ ብሎ ነበር» ላለ ባለሙያ ክፍያው «ለዚች ነው እንዴ?» ተብሎ ይቀነስበታል፤ ፎርማት አድርጎ አዲስ ዊንዶውስ ለጫነ ግን ያለ ክርክር ይከፈለዋል። ምርመራን በነጻ የሚፈልግ ደንበኛ ግምትን በውድ ይገዛል።

ዋጋው ደግሞ ውድ ነው። በአማርኛ የሚጻፈው ልቦለድ፣ ግጥምና ትዝታ ከመታተሙ በፊት ለዓመታት በአንድ ማሽን ውስጥ ያድራል፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ቅጂ የለውም። «በኋላ ይመለሳል» የሚለው ማጽናኛም እየሳሳ ሄዷል። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ፎርማት የተደረገ ፋይል፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት፣ በልዩ ሶፍትዌር የሚገኝበት ዕድል ነበረ። በአዲሶቹ ኤስኤስዲዎች ላይ ግን ዊንዶውስ ባዶ የሆነውን ቦታ ለዲስኩ ስለሚያስታውቅና ዲስኩም ቦታውን ራሱ ስለሚያጸዳው፣ ያ ዕድል አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ስለዚህ ወደ ጥገና ቤት የሚገባ የጽሑፍ ሰው ሦስት ነገር ይዞ ይግባ እላለሁ። አንደኛ፣ ጨለማው ከዓርማው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን መልስ፤ ሁለተኛ፣ ማሽኑ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻውን ቁጥር፣ ያለ እርሱ ዲስኩን በሌላ ማሽን ማንበብ አይቻልምና፤ ሦስተኛ፣ «ፋይሎቼ ሳይገለበጡ ዲስኩ አይነካ» የሚል ግልጽ ቃል። ስክሪኑ ባይበራም ዲስኩን አውጥቶ፣ ወይም ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ ገብቶ፣ ጽሑፉን መገልበጥ ለባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። ለዚህ ድካሙ ይከፈለው፤ ለምርመራውም ይከፈለው። ከዚያ በኋላ ፎርማት ካስፈለገ ይደረግ።