ከጤፍ የምታንስ ጠላት

ባለፈው ሳምንት «ሽ»ን ስንማር «ሽንኩርት» ብለን ጻፍን። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ መጻፉንስ ጻፍነው። ከማሳዬ ግን እየጠፋ ነው» አሉኝ። በማግሥቱ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ነቅለው አመጡ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ሥሩ በስብሷል። በሥሩ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ አለ። በሻጋታው ውስጥ ከጤፍ የሚያንሱ ጥቁር ቅንጣቶች አሉ።

«ይህ ነገር ሌላ አገርም አለ? እነሱስ ምን ያደርጉታል?» ብለው ጠየቁኝ።

አዎ፣ አለ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚባል ግዛት አለ። በዚያ አገር ለገበያ ከሚመረተው ነጭ ሽንኩርት አብዛኛው የሚበቅለው እዚያ ነው። ይኸው በሽታ እዚያም ገበሬውን አስጨንቋል።

ክፋቱ ያለው በጥቁሯ ቅንጣት ነው። የሻጋታው ዘር በሏት። የሽንኩርት ዘመድ ካልተተከለ አትነቃም። አፈር ውስጥ ተኝታ ትጠብቃለች። ስንት ዓመት? ከ20 ዓመት በላይ! ያን ጊዜ ያልተወለደ ልጅ አድጎ ሲዘራ ታገኘዋለች። በ10 ኪሎ አፈር አንዲት ቅንጣት ብትኖር እንኳ በሽታውን ለማስነሣት ትበቃለች።

አንድ ገበሬ ብቻውን አይችላትም። የራሱን ማሳ ቢያጸዳ፣ በጎርፍ፣ በእርሻ መሣሪያና በእግር ጭቃ ከጎረቤት ትመጣበታለች። ስለዚህ የካሊፎርኒያ አምራቾች መዋጮ ያዋጣሉ። የነጭ ሽንኩርትና የሽንኩርት ምርምር አማካሪ ቦርድ አላቸው። ገንዘቡ ለምርምር ይውላል። እንደ ዕድር ነው። ዕድር ግን የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ የነሱ ሳይሞት ነው።

ተመራማሪዎቹ ምን አገኙ? ቅንጣቷን የሚቀሰቅሳት ከሽንኩርት ሥር የሚወጣው ሽታ ነው። እንግዲያው እናታልላት አሉ። ምንም ሽንኩርት ባልተተከለበት ማሳ ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ወይም ሽታውን የያዘ ንጥረ ነገር ከአፈሩ ጋር ቀላቀሉ። ቅንጣቶቹ «ሽንኩርት መጣ!» ብለው ነቁ። የሚበሉት ሥር ግን የለም። በረሃብ አለቁ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። በሙከራ ከ100 ቅንጣት ከ90 በላይ የሞቱበት ጊዜ አለ። ሆኖም የተረፉት ጥቂቶች መልሰው ያጠቃሉ። ስለዚህ የሻጋታ መድኃኒትም ይጨምሩበታል።

«ታዲያ የኔ ማሳስ?» አሉኝ እናቲቱ።

ያን ሁሉ ዱቄት ከየት እናመጣለን? እውነቱን ነገርኳቸው። ያለ ገንዘብ የሚሠራ ነገር ግን አለ። በታመመው ማሳ ለብዙ ዓመት ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት አይተከል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ ይዘራበት፤ እነዚህን በሽታው አይነካም። የታመመው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠል እንጂ ወደ ፍግ ክምር አይጣል። ከዚያ ማሳ የወጣ መሣሪያ ጭቃው ይራገፍ። ከሁሉ በላይ፣ ከታመመ ማሳ የተገኘ ነጭ ሽንኩርት ለዘር አይሁን፤ በስጦታም ቢሆን።

እናቲቱ ዝም አሉ። ከዚያ ማሳ ከተለቀመው ግማሽ ከረጢት ለእህታቸው ዘር አስቀምጠው ኖሯል። «አሁን ምን ልበላት?» አሉ።

ከጎናቸው የተቀመጡ አባት፣ «እኛስ ብናዋጣ ለማን እንሰጣለን?» ብለው ጠየቁ። በሰሜን ሸዋ ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እንዴት እንደምንደርስበት የግብርና ባለሙያውን እንጠይቃለን። የበሰበሰውንም ራስ በፌስታል ቋጥረን ሰጥተነዋል።