ተጠያይቆ መፍታት ኩረጃ ነውን?

በዕውቀቱም በዕድሜውም የማከብረው አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቅርብ ጊዜ ፍርድ ሰጠብን። እኔና ሦስት ባልንጀሮቼ የእንግሊዝ አገር ጋዜጦች የሚያወጡትን፥ አግድምና ቁልቁል በፊደል የሚሞላውን አስቸጋሪ የቃላት እንቆቅልሽ በምሳ ሰዓት ተሰብስበን ስንፈታ ጥቂት ቆሞ ተመለከተንና «ይህማ ኩረጃ ነው፤ ብቻውን ያልፈታ ሰው አልፈታም» ብሎን ሄደ። ነገሩ በሣቅ ባለፈ ነበር። ዳሩ ግን ከመካከላችን እንግሊዝኛውን ገና በማጥናት ላይ ያለው ወጣት ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ገበታችን መምጣቱን ተወ። ምክንያቱን ብጠይቀው «ብቻዬን ስችል እመጣለሁ» አለኝ። ብቻውን የሚችልበት ቀን በምን መንገድ እንደሚመጣ ግን ፈራጁ ወዳጄ አልነገረንም። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

ነገሩን ለማያውቁት አንባቢዎች አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል። ተራውን የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ በ1913 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ያወጣው በሊቨርፑል የተወለደው አርተር ዊን ነው። የእርሱ ጨዋታ የሚጠይቀው የቃል ፍች ብቻ ነበር። እንግሊዞች ጨዋታውን ወደ አገራቸው ካስገቡት በኋላ ግን ጥያቄውን ሰምና ወርቅ አደረጉት። ብዙውን ጊዜ የጥያቄው አንድ ጫፍ የመልሱን ፍች ይሰጣል፤ የቀረው ክፍል ደግሞ ያንኑ መልስ በሌላ መንገድ፥ ፊደላትን በማዘበራረቅ፥ አንዱን ቃል በሌላው ሆድ በመሸሸግ፥ ወይም በድምፅ መመሳሰል ያመለክታል። ላይ ላዩን ሲነበብ ግን ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ይመስላል።

በጠያቂዎቹ ዘንድ እጅግ የታወቀ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ጥያቄው ስምንት የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ናቸው፤ ኤች፥ አይ፥ ጄ፥ ኬ፥ ኤል፥ ኤም፥ ኤን፥ ኦ። መልሱ አምስት ፊደል ያለው ቃል ነው ይላል እንጂ ሌላ ምንም አይጨምርም። ሰው ፊደላቱን ሲገለብጥና ሲያገጣጥም ቢውል አንዳች አያገኝም። ምስጢሩ ፊደላቱ «ከኤች እስከ ኦ» መሆናቸው ነው። በእንግሊዝኛ «እስከ» የሚለው ቃልና «ሁለት» የሚለው ቍጥር በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ «ኤች ቱ ኦ» ይሆናል፤ ይኸውም የኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የውሃ ምልክት ነው። መልሱ ውሃ ነው።

እንግዲህ ይህን አሁን ፈትቼ የሰጠሁት አንባቢ ከእኔ ኰረጀን? ኩረጃ ማለት የሰውን መልስ ወስዶ ምክንያቱን ሳያውቁ በራስ ስም ማስረከብ ነው። ይህ አንባቢ ግን ነገ በቅደም ተከተል የተደረደሩ ፊደላት ሲያይ «መጀመሪያቸው ማን ነው፥ መጨረሻቸውስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እርሱ የተቀበለው ከአንድ መልስ ይልቅ የአካሄድ ዘዴ ነው። ባልደረባዬ ሁለቱን ሳይለይ በአንድ ቃል ኰነናቸው።

«ብቻውን» የሚለው ቃልም ራሱ ቢመረመር ይፈርሳል። ፈራጁ ወዳጄ እንቆቅልሹን ሲፈታ ቻምበርስ የተባለውን ወፍራም መዝገበ ቃላት ከአጠገቡ አይለይም። መዝገበ ቃላቱን ማን ጻፈው? ወረቀት ላይ የታተመውን የሰው ዕውቀት መጠየቅ ጨዋነት፥ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው መጠየቅ ግን ነውር የሚሆንበትን ሕግ ከየት እንዳመጣው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ወደ ጨዋታው ታሪክ ብንሄድም ብቸኛውን ጀግና አናገኘውም። ከ1926 ጀምሮ በኦብዘርቨር ጋዜጣ አንባቢዎችን ሲያስጨንቅ የኖረው ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ በስፔናዊው መርማሪ በቶርኬማዳ ስም ይጽፍ ነበር። ይህ ጨካኝ ሰው እንኳ ቃላቱን ይመርጥና ጥያቄውን ይጽፍ ነበር እንጂ ቃላቱን በየሣጥኑ አስማምታ የምትደረድርለት ባለቤቱ ነበረች። በ1930 እንቆቅልሽ ማውጣት የጀመረው ሊስነር የተባለው መጽሔት በአስቸጋሪነቱ የታወቀ ነበር። ስቲቨን ሶንድሃይም እንደ ተናገረው በ1957 ለመድረክ የበቃውን «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ከሊዮናርድ በርንስታይን ጋር ሲያዘጋጁ፥ ሐሙስ ሐሙስ መጽሔቱ ሲደርስ ሥራው ይቆምና ሁለቱ እንቆቅልሹን ይፈቱ ነበር። እነዚህን ኰራጆች ብሎ የሚጠራ ይኖራልን?

ወዳጄ በ1942 መጀመሪያ በዴይሊ ቴሌግራፍ ስለ ተደረገው ውድድር ሊያነሣብኝ እንደሚችል ዐውቃለሁ። በዚያ ውድድር እያንዳንዱ ሰው እንቆቅልሹን በ12 ደቂቃ ውስጥ ለብቻው እንዲፈታ ተጠየቀ። እውነት ነው። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የጦርነቱ ምስጢር ሠራተኞች እንዲሆኑ የተጠሩ ነበሩ። ነገር ግን የጀርመንን የምስጢር ጽሕፈት ይፈታ የነበረው የብሌችሊ ፓርክ ድርጅት ሥራውን የሠራው በሺህ በሚቈጠሩ ሰዎች ነው፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለው ነበር። ብቸኝነት የመግቢያው ፈተና ነበር እንጂ የሥራው ጠባይ አልነበረም።

በአንድ ነገር ግን ከባልደረባዬ ጋር እስማማለሁ። ሽልማት ያለው እንቆቅልሽ ቀኑ ሳይዘጋ መልሱን የሚያዞር ሰው ጥፋተኛ ነው። ጓደኛው ገና በማሰብ ላይ ሳለ መልሱን ጮኾ የሚናገርም እንዲሁ፤ እንዲህ ያለው ረዳት ደስታን ይሰርቃል። (እኔም በዚህ ሁለት ጊዜ ተወቅሻለሁ።) መልካም ረዳት ጥቂት ነገር ጠቁሞ ዝም ማለትን ያውቃል።

ይህ ልማድ ለእኛስ እንግዳ ነውን? የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለብቻው ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለመምህሩ ይነግራል፥ ይታረማል፥ የሌላውንም ሰምቶ ሰሙ ይህ ነው ወርቁ ያ ነው እያለ ከጓደኞቹ ጋር ይከራከራል። ልጆች እንኳ እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጥና ምስጢሩን ይሰማል። አገር መስጠቱ ቢያስቅበትም ከጨዋታው አያስወጣውም፤ የሚቀጥለውንም ይጠየቃል።

የወጣቱ ወንበር እስካሁን ባዶውን ነው። ባለፈው ሳምንት ከጀመርነው እንቆቅልሽ አንድ ጥያቄ አልፈታ ብሎናል፤ ሰባት ፊደል ነው፥ ሦስተኛው አር፥ መጨረሻው ዋይ። ወረቀቱን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለታለሁ። ባልደረባዬም ቢመጣ ቦታ አለ።