በሕፃን ላይ አንፍረድ

የሰንበቴ ወንድሞቼ፣ የማኅበር እኅቶቼ፤ ዕድሜያችን ገፍቷልና የምንናገረውን ሰው ይሰማዋል። የማስጠነቅቃችሁም ስለዚሁ ነው። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን ጣል የምናደርጋት ቃል የሐዘንተኛዋ እናት ልብ ውስጥ ዕድሜ ልኳን ትቀመጣለች። «ሳይጠመቅ ሄደ፣ ወዮለት» የምንል አለን። «የአባቱ ኃጢአት ነው በልጁ የወጣው» የምንልም አለን። ልጁ ዓይኑ ሳያይ ወይም እግሩ ሳይጸና ተወልዶ እንደሆነማ ሰፈሩ ሁሉ የእናትየውን ያለፈ ታሪክ መቁጠር ይጀምራል። ይህን ሁሉ የምንናገረው በእግዚአብሔር ስም ነው። ማን ፈቀደልን?

ጥንተ አብሶን የምክድ እንዳይመስላችሁ። አዳም ወደቀ፣ ልጅነቱን አጣ፣ ከገነት ወጣ፣ ሞት ነገሠበት፤ ዘሩም ሁሉ በዚያው ስደት ውስጥ ይወለዳል። አባቱ በድሎ በተሰደደበት በሰው አገር የተወለደ ልጅ አገሩን ሳያይ ያድጋል፤ የስደቱ መከራ ይደርስበታል፤ የሚመለስበት መንገድም ያስፈልገዋል። በአባቱ በደል ግን ዳኛ ፊት አይቆምም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ ይህንኑ በማያሻማ ቃል ጽፎታል። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ጌታ የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ መለሰላቸው፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን አስነብቡ። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው፤ የእኛ ሰፈር ግን ዛሬም የሚጠይቀው ያንኑ ነው።

ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና የምናስነሣው ለምን እንደሆነ ከመካከላችን ስንቱ ለልጅ ልጁ ነግሮታል? መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት መግባታቸውን ይነግረናል። ሕፃኑ በዚያው ቀን ቁጥር የሚመጣው የተዘጋው ደጅ ስለተከፈተለት፣ ያ የጠፋው ልጅነት ሊሰጠው ነው። በዚያች ጠዋት የሚሆነውን ደግሞ አስተውሉ። ተጠመቀ፤ ሜሮን ተቀባ፤ ማተብ ታሰረለት። ከዚያ እናቱ በነጠላዋ እንደያዘችው ወደ ቁርባኑ ትጠጋለች፤ በእርፈ መስቀል ክቡር ደሙ ጠብ ይደረግለታል። አንዳንዱ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ ከንፈሩን ይልሳል። የንስሐ አባት ምን ሠራህ አላለውም፤ ቀኖናም አልሰጠውም። እኛ ጎልማሶቹና ሽማግሌዎቹ ግን አይገባንም እያልን ከሩቅ ቆመን እናያለን። ከሩቅ የቆመው ሰው፣ የቀረበውን ሕፃን ኃጢአተኛ ነው ሲል ማፈር አለበት።

«ተጠምቆ ነው እኮ!» ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ጥምቀት ለሕፃን ምን ያደርግለታል የሚሉትንም አልደግፍም። ታዲያ ጥምቀቱን ይህን ያህል የምናከብር ከሆነ ለምን እናዘገየዋለን? ሕፃን ታሞ ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ 40 እና 80 ቀን አይጠበቅለትም፤ ካህን ተጠርቶ ይጠመቃል። እኛ ግን ጠላው አልደረሰም፣ የክርስትና አባቱ ከአዲስ አበባ አልመጣም፣ በጉ አልተገዛም እያልን ደህናውን ልጅ እንኳ ከቀኑ እናሳልፈዋለን። ልጁ በመካከል ካረፈ ደግሞ ያው ለድግስ ያዘገየነው ሰዎች «ሳይጠመቅ ሄደ» ብለን ለመፍረድ እንቀድማለን።

ለነገሩ ሕፃን ገና ሲወለድ በደለኛ ሆኖ ይወለዳል የሚለው ትምህርት ሥሩ ያለው በምዕራቡ ነው። የሂፖው አውግስጢኖስ ከጲላግዮስ ጋር በተከራከረበት ዘመን ትምህርቱ ጠነከረ፤ በ418 እ.ኤ.አ. የካርታጎ ጉባኤ አጸደቀው፤ አውግስጢኖስም ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ቀላል ቢሆንም ቅጣት አለባቸው እስከማለት ደረሰ። የእኛው ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ኃጢአት የሌለባቸውን ሕፃናት የምናጠምቀው ጸጋውንና ልጅነቱን እንዲያገኙ ነው ብሎ አስተምሯል። ቫቲካን ራሷ በ2007 እ.ኤ.አ. የነገረ መለኮት ኮሚሽኗ ባወጣው ጽሑፍ ሳይጠመቁ ለሚሞቱ ሕፃናት የመዳን ተስፋ አለ ብላለች። ባለቤቱ ያለዘበውን ፍርድ እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ማክረር ምን ይባላል?

አዘዞ ስል ዝም ብዬ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት እዚሁ፣ ዛሬ ተክለ ሃይማኖት በምንለው ደብር አካባቢ ነው። በ1626 እ.ኤ.አ. ደንቀዝ ላይ ለሮም መታዘዛቸውን በይፋ አወጁ፤ ከፖርቱጋል የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝም ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና እንዲካኑ አዘዙ። የዚህን ትርጉም እስቲ እንደ እናት ሆናችሁ አስቡት፦ በ40 ቀኑ አስጠምቃ በኋላ የቀበረችው ልጅ ጥምቀቱ ከንቱ ነበር ማለት ነው። ሜንዴዝ ደግሞ የመጡት የአውግስጢኖስን ትምህርት ከተቀበለችው ከምዕራቧ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕዝቡ ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ፤ ንጉሡም በ1632 እ.ኤ.አ. የአባቶቻችሁ ሃይማኖት ይመለስላችሁ ብለው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በዚያው ዓመት ሲሞቱ የተቀበሩት በዚሁ በገነተ ኢየሱስ ነው። ከዚያም በኋላ ጎንደር በነገረ ክርስቶስ፣ ቅባት፣ ተዋሕዶ፣ ጸጋ እየተባለ ስትከራከር ኖራለች፤ በዳዊት ሣልሳዊ ዘመን መነኮሳት በወታደር እጅ ተገድለዋል። በዚህ ምድር የሃይማኖት ቃል ቀላል ሆኖ አያውቅም። ወጣቶቹ ዛሬ ስለ እመቤታችንና ስለ ጥንተ አብሶ ሲካረሩ እሰማለሁ፤ እርሱን ለሊቃውንቱ እንተወው። የእኛ ድርሻ ለቅሶ ቤት ነው።

ስለዚህ እላችኋለሁ፦ ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ቤት ስትገቡ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብላችሁ ተቀመጡ፤ የልጁን ዕጣ አታውጁ። ፍትሐቱንና የመቃብሩን ቦታ በተመለከተ ያለውን ሥርዓት ካህኑ ይናገር፤ እኛ ከሥርዓቱ ላይ የራሳችንን ስድብ አንጨምርበት። አካሉ የተጎዳ ልጅ ያላትን እናት ምን ሠርተሽ ነው አትበሏት፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውንም ልጅ በስድብ ስም አትጥሩት፤ ስሙ ክርስትና ሲነሣ የተሰጠው ነው። አንድ ነገር ደግሞ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አነሣለሁ፤ አስቀድሜ ስለምነግራችሁ ተዘጋጁበት። በብዙ እድር ለሕፃን ድንኳን አይተከልም፣ ሰውም አይጠራም። የእኛ መተዳደሪያ ደንብ ይለወጥ እላለሁ፤ የዘጠኝ ወር ልፋቷን ለቀበረች እናት ቢያንስ አንድ ቀን ወንበር ይሂድላት፣ ቡና ይፈላላት። ገንዘብ ያንሳል የሚል ካለ የእኔን መዋጮ ከፍ አድርጉት።