የሌለው ቀንድ አውጣ

የፍጥረታትን አመዳደብ የሚያስተምሩ አንዳንድ መምህራን በዓለም ላይ የሌለ የቀንድ አውጣ ወገን በሐሳባቸው ፈጥረው፥ ዛጎሉን በልዩ ልዩ መልክ በወረቀት ሥለው፥ ተማሪዎቻቸውን «ዝርያ በዝርያው ለዩት» ይሏቸዋል። ይህን አሠራር የሚነቅፉ ሰዎች፥ «እውነተኛው ፍጥረት ሞልቶ ሳለ የሌለውን ማስተማር ልጆችን ሐሰት መመገብ ነው» ይላሉ። እኛ በዚህ ነቀፋ አንስማማም።

ለመሆኑ የሒሳብ መምህር «አንድ ገበሬ ከ12 በጎቹ 5ቱን ቢሸጥ» ሲል፥ የገበሬውን ስምና አገር የጠየቀ ማን ነው? ገበሬው የለም፤ መቀነሱ ግን እውነት ነው። እንዲሁም ቀንድ አውጣው ባይኖር፥ ማስተዋሉና ማነጻጸሩ እውነት ናቸው።

የታወቀ እንስሳ ሲቀርብለት፥ ተማሪው ስሙን ከመጽሐፍ ሸምድዶ ይመጣልና ሳይመለከት ይመልሳል። የሌለው ፍጥረት ግን የሚሸመደድ መልስ የለውም። ዛጎሉ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ እንደሚጠመዝዝ፥ ሾጣጣ ወይስ ጠፍጣፋ እንደ ሆነ ራሱ ማየት፥ የትኛው ምልክት እንደሚበልጥ ራሱ መፍረድ፥ ለፍርዱም ምክንያት መስጠት ግድ ይሆንበታል።

ሊቃውንትም ይህን መንገድ አልናቁትም። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ካሚን ከአንድ አባት የወረዱ፥ በሐሳብ የተፈጠሩ እንስሳትን ሥሎ ነበር። የዘር ሐረጋቸውን ሠዓሊው ያውቀዋልና፥ ሌሎች የመደቡት አመዳደብ ትክክል መሆን አለመሆኑን ማመሳከር ተቻለ። ካሚንና ሮበርት ሶካል እ.ኤ.አ. በ1965 ላወጡት ጥናት መነሻ የሆነው ይኸው ነው።

ዳሩ ግን ሁለት ነገር እናሳስባለን። መምህሩ ፍጥረቱ የሌለ መሆኑን አስቀድሞ ይንገር፤ ትምህርቱም በወረቀት ላይ አይቅር። የአንጀት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ባዮምፋላሪያ ዛጎሉ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ነው። የሽንት ቧንቧውን ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቡሊኑስ ግን ጫፉን ወደ ላይ፥ አፉን ወደ እኛ አድርገን ስንይዘው አፉ በግራ በኩል ይገኛል። ይህን መለየት የማይችል ሰው፥ ልጆች የሚዋኙበት ውሃ የትኛውን በሽታ እንደሚያሠጋ በምን ያውቃል?

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፥ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ምክንያቱን መረመረ። ሌላው አልፎት የሚሄደውን የሚያይ እንዲህ ያለ ዓይን በሽምደዳ አይገኝም። እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ የሌለውን ቀንድ አውጣ አትፍሩት፤ ተማሪው በእርሱ ዓይኑን ይሳል፥ ከዚያም ወደ ወንዙ ይውረድ።